ጉዱ ካሳና የወጥነት ጥያቄ፦ ገጸ ባሕርይ ከምን ይፈጠራል?

ስለ ገጸ ባሕርይ አፈጣጠር ለጀማሪ ደራሲም ሆነ ለጀማሪ ሠዓሊ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሐሳብ አያልፍም። አንደኛው፣ ገጸ ባሕርይ ወጥ የሚባለው ከዚህ ቀደም ከታወቁት ማንንም ሳይመስል ሲቀር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዝርዝሩ ሲሟላ ገጸ ባሕርዩ ይዳብራል ይላል፤ ዕድሜው፣ ቁመቱ፣ መልኩ፣ የሚወደው ምግብ፣ የሚፈራው ነገር፣ የልጅነት ቁስሉ ተመዝግቦ ሲያልቅ ነፍስ ይዘራል ተብሎ ይታሰባል። ምክሮቹ ጀማሪን ሥራ ስለሚያስጀምሩ አልንቃቸውም። ነገር ግን በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ዕድሜ ያገኙትን፣ አንባቢ ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ ቤቱና ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዟቸው የገባውን ገጸ ባሕርያት ጠጋ ብሎ ላያቸው፣ ሁለቱም ምክሮች ዋናውን ነገር ይስቱታል። እነዚህ ሰዎች ዘልቀው የኖሩት ከማንም የተለዩ ሆነው አይደለም። አብዛኞቹን ስለ ቁመታቸውና ስለ መልካቸው ብንጠየቅ እንኳ እርግጠኛ መልስ የለንም። የኖሩት የተወለዱበትን ማኅበረሰብ ትውልድ፣ ትምህርት፣ አነጋገርና ዕዳ እስከ አንገታቸው ተሸክመው፣ የሚሹት ነገር ግን ከተሸከሙት ጋር ሊታረቅ ስላልቻለ ነው። የወጥነት ምንጭ ይህ አለመታረቅ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ዋና ማስረጃዬም የሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሳ ነው።

ሐዲስ የወረሱት የሰው አሳሳል ምን ይመስል እንደነበር መረዳት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ሁለት ዓይኖቹ እንዲታዩ አድርጎ ይሥለዋል፤ ኃጥኡን፣ ከሓዲውንና ዲያብሎስን ግን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ያሳየዋል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ግድግዳውን አየት አድርጎ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ይህ ሥርዓት የጥበብ ድክመት አይደለም፤ ሥዕሉ የተሣለበትን የማስተማር ግዳጅ በሚገባ ይወጣል። ግማሽ ልቡ ከጻድቃን፣ ግማሽ ልቡ ከኃጥኣን የሆነን ሰው ግን በዚህ መንገድ ማሳየት ይቸግራል። የገድል ድርሳናትም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ የቅዱሱ ሕይወት ገና ከፅንሰቱ ጀምሮ ወዴት እንደሚያመራ ይታወቃል። የአማርኛ ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ቅርስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ውስጥ መንትዮቹ ዋሕድና ጦቢያ የውበትና የደግነት ምሳሌዎች ናቸው፤ ብዙ መከራ ይደርስባቸዋል፣ መከራው ግን ባሕርያቸውን ሲለውጠው አናይም። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ዋና ሰው አወቀ ይባላል፤ ከስሙ ጀምሮ የአዲሱን ትምህርት ወገን ወክሎ ቆሟል። የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን አስተኔ የሚሉት ዓይነት ገጸ ባሕርይ ይህ ነው፦ የአንድን ወገን ጠባይ ጠቅልሎ የያዘ፣ ገና ብቅ ሲል የሚታወቅ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ይህን ቅርስ አሽቀንጥረው አልጣሉም። ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢተኛ ባላባት ናቸው፤ በዛብህ የቆሎ ተማሪነትን ያለፈ የቅኔ ሊቅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ተጠብቃ ያደገች የጌታ ልጅ ናት። ሁሉም ከታወቀ ወገን የመጡ፣ በየአገሩ ዓይነታቸው የማይታጣ ሰዎች ናቸው። ጉዱ ካሳ የሚባለው ካሳ ዳምጤም እንዲሁ ነው። ነገሩን ከሌሎቹ በበለጠ አጥብቀን ብንመረምረው፣ በዚህ ሰው ውስጥ አዲስ የሚባል አንድም ነጠላ ነገር አናገኝም። የቤተ ክህነት ትምህርት ጠንቅቆ የተማረ ነው፤ ጎጃም እንዲህ ዓይነት ሊቅ ቸግሯት አያውቅም። የጨዋ ዘር፣ የፊታውራሪ መሸሻም ዘመድ ነው። የባላባት ዘመድ የሆነ ሊቅም ብርቅ አይደለም። ባሕል ይነቅፋል፤ ነቃፊም በየዘመኑ አለ። ብቻውን ያወራል፣ ሰዉም እብድ ይለዋል። ይህም በየመንደሩ ያለ ነው። አንባቢን የሚይዘው እነዚህ የታወቁ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ የተቋጠሩበት አኳኋን ነው። ካሳ የዘር መኳንንትን ሥርዓት የሚያወግዘው ከውጭ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ወይ ባዕድ ወይ ባላንጣ ተብሎ ይታለፍ ነበር። እሱ ግን የሚያወግዘው ራሱ የተገኘበትን ዘር ነው። የሚያወግዝበትም መሣሪያ ማኅበረሰቡ ራሱ አስተምሮ ያስታጠቀው ነው፤ ሰም ከወርቅ መለየትን፣ ጥቅስን በጥቅስ መርታትን፣ የነገርን ሥር መሠረት ፈልፍሎ ማውጣትን የተማረው ከጉባኤ ቤት ነው። ውጭ አገር አልሄደም፤ የፈረንጅ መጽሐፍ አልመራውም። የኅሩይ አወቀ ነቀፋውን ይዞ የመጣው ከፈረንሳይ አገር ነው። የካሳ ነቀፋ እዚያው የበቀለ በመሆኑ ማንም መጤ ብሎ ሊያባርረው አይችልም።

ማባረር ያልቻሉትን ሰው ማኅበረሰቡ ምን እንደሚያደርገው ሐዲስ በጥንቃቄ አስበውበታል። ሰዎቹ ካሳን አይገድሉትም፤ ጉዱ የሚል ቅጽል ይሰጡታል። ከዚህ በኋላ የፈለገውን ቢናገር ንግግሩ የእብድ ንግግር ነው፤ ይሰማል፣ ይሳቅበታል፣ ይታለፋል። ቅጽሉ ለካሳ ሁለት ነገር ያደርግለታል። በአንድ በኩል ሌላው ቢናገረው የሚያስገርፈውን ነገር በጌታው ፊት እንዲናገር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በሌላ በኩል የተናገረው ሁሉ አንዳች ለውጥ እንዳያመጣ አስቀድሞ ያመክነዋል። ለአንድ ገጸ ባሕርይ ከዚህ የበለጠ ጠባብ ቦታ ማበጀት የሚቻል አይመስለኝም። የካሳ ምርጫዎች ሁሉ ከዚህ ጠባብ ቦታ የሚወጡ ናቸው። ሁለቱን ፍቅረኞች፣ በዛብህንና ሰብለን፣ መርዳቱ እንኳ ከደግነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ በቃል ሊያፈርሰው ያልቻለውን የዘር ግንብ በሁለት ሰዎች ሕይወት ውስጥ ፈርሶ ለማየት ያለው ረኃብ አለበት። የሚረዳቸውም ባላባቱን ቀርቦ በሚያውቅ ዘመድነቱና በሊቅነቱ ነው፤ ማለትም በሚነቅፈው ዓለም ውስጥ ባለው ቦታ።

ከዚህ ጋር በዛብህን እናነጻጽር። በዛብህ የልብ ወለዱ ዋና ሰው ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከወላጆቹ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። እናቱ ለእግዚአብሔር ትሳለዋለች፤ ስለዚህ በዛብህ ገና አፉን ሳይፈታ ዕዳ ተሸካሚ ነው። እንደ መነሻ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሰብለን ሲወድ የሚጋጨው ከባላባት ትዕቢት ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ እናቱ ስለት ጋርም ነው። ሆኖም በዛብህ ከካሳ ይልቅ ለአንባቢ የደበዘዘ ሆኖ የቀረው፣ ይህ ግጭት በውስጡ ሥራ እየሠራ ብዙ ስለማይታይ ይመስለኛል። ይጨነቃል፣ ያለቅሳል፣ ይሸሻል፤ አብዛኛው ነገር በእሱ ላይ ይሆናል እንጂ በእሱ አይሆንም። ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሐዲስ ሊያስነቅፏቸው የፈጠሯቸው ሰው ሆነው ሳለ፣ ከበዛብህ ይልቅ ሕያው ናቸው። ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል አጣን እያሉ ልጃቸውን ያለ ባል የሚያስቀሩ አባት ናቸው፤ ክብራቸውን ለማስከበር ከባላገሩ ከተለመደው በላይ ግብር ይጠይቃሉ፤ በዚሁ ጦስ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥቶ ይማርካቸዋል። ትዕቢታቸው የሚጠብቁትን ነገር ራሱን ሲበላው እናያለን። ስለዚህ አስተኔ መሆን ብቻውን ገጸ ባሕርይን አያሞተውም። የሚያሞተው የተሰጠው ጠባይ አንድም ጊዜ ሳያስከፍለው መቅረቱ ነው።

ካሳን አስመልክቶ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የደራሲው አፈ ጉባኤ ነው የሚል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ጉባኤ ቤቶች የተማሩ፣ በኋላም በጦርነት፣ በጣሊያን ምርኮና በዲፕሎማሲ ሥራ ዓለምን ያዩ ሰው ነበሩ፤ ስለ ዘር ልዩነትና ስለ ባላገሩ በደል ያላቸውን ሐሳብ በካሳ አንደበት ተናግረዋል ይባላል። ክሱ ባዶ አይደለም። ካሳ ረጅም ንግግር የሚያደርግባቸው ገጾች ላይ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ ንግግር ከመንደሩ ሊቅ ይልቅ ለ1950ዎቹ የአዲስ አበባ አንባቢ የተሰናዳ ይመስላል። ይህን አምኖ መቀበል ይገባል። ነገር ግን አፈ ጉባኤ የሆነ ገጸ ባሕርይ አንድ ምልክት አለው፦ ሲናገር ትክክል ነው፣ ትክክል መሆኑም ይጠቅመዋል። ካሳ ትክክል ሲሆን ይሳቅበታል። የተናገረው እውነት እሱን ከሰው ነጥሎ ብቸኛ አድርጎታል፤ ባላገሩ በመጨረሻ ሲነሣም የሚመራው አበጀ በለው ነው እንጂ ሊቁ አይደለም። ደራሲ ሐሳቡን ብቻ ማስተላለፍ ቢፈልግ ሐሳቡን እንዲህ ባለ ውርደት ውስጥ አያኖረውም ነበር። ሐዲስ ሐሳባቸውን ለካሳ አበድረውታል፤ ካሳ ግን የከፈለው ዋጋ የራሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወጥነት ጽንሰ ሐሳብ ይነሣል። በነገር ወጋ የሚያደርግ፣ ሹሙንና ካህኑን የማይፈራ ሊቅ በአማርኛ ትውፊት የቆየ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩትና በተክሌ አቋቋም ስማቸው የሚነሣው አለቃ ገብረ ሃና ከሁሉ ይታወቃሉ። ታዲያ ካሳ የአለቃ ገብረ ሃና ቅጂ ካልሆነ ምንድን ነው? ምንጭ መኖሩን ለመካድ ምክንያት የለኝም። ልዩነቱ ግን የጥበቡን ሥራ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በአለቃ ስም የሚነገሩት ቀልዶች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ናቸው፤ አለቃ ይናገራሉ፣ ሰው ይስቃል፣ ነገሩ ያበቃል፤ በሚቀጥለው ቀልድ እንደገና ያው አለቃ ናቸው። ለዚህም ነው ሌላ ሰው የተናገረው ቀልድ ሁሉ በቀላሉ በእሳቸው ስም የሚለጠፈው፤ ያለፈው ቀልድ በሚቀጥለው ላይ አሻራ አይተውም። ካሳ የተናገረው ቃል ግን ይከተለዋል። ስላቁ ከዘመዱ ያጣላዋል፣ ፍቅረኞቹን ወደ እሱ ያመጣል፣ በመጨረሻም ከእነሱ ጋር በአንድ መቃብር እስኪያስቀብረው ድረስ ይጎትተዋል። ሐዲስ ከትውፊት የወሰደውን ሰው ጊዜ ውስጥ አስገቡት ማለት ይቻላል። ገጸ ባሕርይን ማዳበር የምንለውም ይኸው ነው፤ የትናንቱ ቃል የዛሬ እጁን እንዲያሥረው ማድረግ።

ምንጩ ከትውፊት ሳይሆን በሕይወት ካለ ሰው ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። በዓሉ ግርማ በዚህ በኩል ከማንም በላይ ደፋር ነበር። በ1972 ዓ.ም. በታተመው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ የተቀዳው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ደግሞ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ተከትሎ አስመራ ላይ የሚካሄድ ነው፤ አንባቢ ከባለሥልጣናቱ ገጸ ባሕርያት በስተጀርባ ያሉትን እውነተኛ ሰዎች ወዲያው ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራ ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ እንደወጣ ቀረ። ይህን ታሪክ እያወቀ ሞዴልን ስለመጠቀም በቀላሉ መናገር የሚችል ሐያሲ ሊኖር አይገባም። ከጥበብ አንጻር ግን አንድ ነገር ይታያል። የ«ኦሮማይ» ባለሥልጣናት በዘመናቸው ያስደነገጡት በማንነታቸው ነበር፤ ዛሬ ማንነታቸውን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ብዙዎቹን እንደ ስም ዝርዝር ያልፋቸዋል። ፊያሜታ ጊላይን ግን አያልፋትም። ከዘመቻው ጋር ከመጣው ጋዜጠኛ ከፀጋዬ ኃይለማርያም ጋር በፍቅር የተያዘችው፣ በዚያው ከተማ ከሚዋጉት ወገኖች ክርም መውጣት ያልቻለችው ፊያሜታ፣ ከማንም ትቀዳ ከማንም፣ የቆመችበት ቦታ ራሱ ይበቃታል። ሞዴል ለገጸ ባሕርይ ፊት ይሰጠዋል፤ አጣብቂኙን መሥራት ግን የደራሲው ድርሻ ነው። የበዓሉ የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁም ለዚህ ይመሰክራል፦ የመንግሥት ሥራና የቤተሰብ ግፊት በያዘው እጁ ሥዕል ልሥል የሚል ሰው ነው፤ የሚያስታውሰው አንባቢ የሚያስታውሰው በዚህ ትግሉ ነው።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የሄደበት መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ሰዎቹን ከድርጊታቸው ይልቅ በአነጋገራቸው ይሠራቸዋል። የተማረው ወጣት፣ ባለርስቷ እመቤት፣ ባላገሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምላስ አላቸው፤ ስሙ ቢሸፈን እንኳ ተናጋሪው ይለያል። ይህ ታላቅ ችሎታ ነው፤ ምልልስን የሚማር ደራሲ ከዚህ መጽሐፍ የሚያገኘውን ከሌላ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ይሁንና የአደፍርስ ንግግር ብዙ ጊዜ እንደተጀመረ ይቀራል፤ ክርክሩ ተከራካሪውን እስኪነካው እንጠብቃለን። ልዩ አነጋገርም እንደ ልዩ መልክ ነው፤ ለገጸ ባሕርይ መግቢያ በር ይሆናል እንጂ ቤቱን አይሠራለትም።

እዚህ ላይ ሠዓሊዎችና የአኒሜሽን ባለሙያዎች ተቃውሞ ያነሣሉ፤ ተቃውሟቸውም ሊሰማ ይገባዋል። በእነሱ ሙያ ገጸ ባሕርይ የሚወለደው ከታሪክ በፊት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው መስመር ነው፦ የጭንቅላቱ ቅርጽ፣ የትከሻው ስፋት፣ ከሩቅ የሚለየው ጥላው፣ ሲቆጣና ሲስቅ የሚለዋወጠው ቅንድቡ። ታሪኩ ይህን ተከትሎ ይመጣል ወይም ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» አሻንጉሊት ቀጭኔ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ትመስላለች። ሕፃናት የሚያውቋት አንገቷን ገና ሲያዩ ነው፤ ስለ ዘሯና ስለ ዕዳዋ ማንም አይጠይቅም። ነገር ግን ፀሐይን ከሌላ የጨርቅ ቀጭኔ የለያት አንገቷ አይደለም። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ትጠይቃለች፣ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፣ ተሳስታ ትማራለች። ልጅ ዝም ብሎ እንዲሰማ በሚጠበቅበት ብዙ ቤት ውስጥ ጠያቂ ልጅን በስክሪን መሐል ማስቀመጥ ራሱ ግጭት ነው፤ ግጭቱ ለስላሳ ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። መስመሩ ቀድሞ መምጣቱ የሙያው ቅደም ተከተል ነው፤ ሠዓሊው አንድ ትከሻ ጎንበስ ያለ አድርጎ ሲሥል ምን እንዳጎነበሰው ካልጠየቀ ግን በእጁ ያለው መልክ ብቻ ነው። በየገጹ ላይ የምናያቸው፣ ልብሳቸውና የጦር መሣሪያቸው በጥንቃቄ የተነደፈ፣ ሆኖም ከአንድ ሥዕል ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ምንም የማይጎድልባቸውና ምንም የማይጨመርላቸው ጀግኖች ያለባቸው ችግር ይኸው ነው።

ወጥነት ከዚህ በፊት ካልታየ ነገር ይመነጫል የሚለውን እምነት ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ማስረጃ ግን ያለው ሰብለ ወንጌል ላይ ነው። አፈወርቅ ጦቢያን የወንድ ልብስ አልብሶ መንገድ ያስወጣታል። በ58 ዓመት ልዩነት ሐዲስ ይህንኑ ዘዴ ይደግሙታል፤ ሰብለም በዛብህን ፍለጋ መነኩሴ መስላ ትወጣለች። በአዲስነት ሚዛን ብቻ ከተመዘነ ሁለተኛው ቅጂ ነው። የጦቢያ ልብስ ግን ጉዞውን ያቀናላታል፣ በልብሱም ምክንያት አንዳንድ አስገራሚ ነገር ይከሰታል፤ ሥራውን ሲጨርስ ይወልቃል፣ ጦቢያም ያቺው ጦቢያ ናት። ሰብለ የለበሰችው የምንኩስና ልብስ በዛብህ በእናቱ ስለት ሊለብሰው የተፈረደበት፣ ለእሷ ሲል የሸሸው ልብስ ነው። ከደጅ ወጥታ የማታውቀው የጌታ ልጅ በእግሯ አገር የምታቋርጠው ፍቅሯን በከለከለው ልብስ ተሸሽጋ ነው። በዛብህን ሊሞት ሲያጣጥር ደርሳበት፣ እሱን ከቀበረች በኋላ ደግሞ ያው ልብስ መሸሸጊያነቱ ቀርቶ ኑሮዋ ይሆናል፤ ሰብለ በእውነት ትመነኩሳለች። እስከዚያ ድረስ በአባቷ ትዕቢትና በበዛብህ ፍቅር መካከል የምትጎተት ልጅ የነበረችው፣ ከዚህ ጉዞ ጀምሮ ከካሳ ጋር የምትተካከል ገጸ ባሕርይ ሆናለች። ስለ ጉዱ ካሳ ብዙ የተጻፈውን ያህል ስለዚህ ጉዞ አለመጻፉ የሐያስያን ዕዳ ነው፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ከአስተኔነት የወጣበትን ሌላውን መንገድ የያዘው እሱ ነውና።